የተማሪው ራዲዮ የማንን ዘፈን ያሰማ?

የተማሪዎች ራዲዮ የዜናውና የውይይቱ ሰዓት ያለ ብዙ ጭቅጭቅ ተደልድሏል። የሙዚቃው ሰዓት ግን እስካሁን አልተቆረጠም። ነገሩ ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው ቀላል ይመስላል፤ «ዘፈን ዘፈን ነው፤ የተገኘውን አጫውቱ» የሚሉም አልጠፉም። እኛ ግን እንዲህ አናምንም። ተማሪው ጣቢያው የማን እንደ ሆነ የሚያውቀው ከዜናው ይልቅ በዘፈኑ ነው። ስለዚህ በየመኝታ ቤቱና በየምግብ አዳራሹ የሚሰነዘሩትን ሦስት አሳቦች አንድ በአንድ መርምረን የበኩላችንን ፍርድ እንሰጣለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው አሳብ «ሕዝብ የወደደውን ዘፈን እናጫውት» የሚል ነው። አሳቡ ለጆሮ ይጥማል። ነገር ግን ሕዝብ የወደደው ዘፈን በታክሲው፣ በሻይ ቤቱ፣ በፀጉር አስተካካዩ፣ ከሁሉም ይልቅ በየኪሳችን ባለው ስልክ ቀኑን ሙሉ ይሰማል። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ2000 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ጣቢያው በዝቷል፤ የታወቀ ዘፈን ለመስማት ሲል የእኛን ራዲዮ የሚጠብቅ ጆሮ የለም። ሌላው በብዙ ገንዘብና በብዙ ኃይል የሚያደርገውን እኛ በጥቂት ገንዘብና በደካማ ማሰራጫ ብንደግመው፣ ያስገኘነው ጥቅም ምንድር ነው?

በዚህ ነገር የአሜሪካ ኮሌጆች ታሪክ ጥሩ መምህር ነው። በዚያ አገር ከ88 እስከ 92 ሜጋኸርትዝ ያለው የኤፍ ኤም ክፍል በ1945 ንግድ ላልሆነ ለትምህርት ሥራ ተለየ፤ በ1948 ደግሞ ለትምህርት ቤቶች በ10 ዋት ብቻ ማሰራጨት ተፈቀደላቸው። 10 ዋት ማለት ከቀድሞው ተራ አምፖል ያነሰ ኃይል ነው፤ ከግቢውና ከአካባቢው ሰፈር እምብዛም አያልፍም። ሆኖም በጊዜ ብዛት ስም ያተረፉት የተማሪ ጣቢያዎች የንግድ ጣቢያዎችን የቀዱት አይደሉም። አር ኢ ኤም የተባለው ጓድ ከጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ከተማ ከአቴንስ ተነሥቶ በ1983 የመጀመሪያውን ሙሉ አልበሙን ሲያወጣ፣ አንሥተው ያሰሙት በብዛት የኮሌጅ ጣቢያዎች ነበሩ። በሲያትል፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በ1972 የተቋቋመው ኬ ሲ ኤም ዩም በ1980ዎቹ መጨረሻ ኒርቫናንና ሳውንድጋርደንን ዓለም ሳያውቃቸው ለገዛ ከተማቸው አሰማ። እንግዲህ የተማሪ ጣቢያ የሚከበረው ሌላው የዘለለውን ሲያነሣ ነው።

ሁለተኛው አሳብ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ «ዩኒቨርሲቲ የዕውቀት ቤት ስለ ሆነ በገና፣ መሰንቆ፣ ክራርና የቀድሞ ዘፈን እንጂ የዛሬው ጩኸት አይግባበት» ይላል። በገናን የሚጠላ ከእኛ መካከል የለም። ነገር ግን ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እያልን የምናወድሰው ሙዚቃ በጊዜው የወጣት ጩኸት ነበር። በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ዐምሃ እሸቴ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት፣ በ1969 ያን ክልከላ ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ። የዚያ ዘመን አድማጭ ሁሉ «የአባቶቻችንን ብቻ» ብሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንኮራበት ሸክላ ባልታተመ ነበር።

ደግሞም ጥንቱን እንወዳለን የምንል ሰዎች ልናፍርበት የሚገባ ነገር አለ። ያ ሙዚቃ በዓለም ጆሮ የገባው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በተከታታይ ስላሳተመው ነው። ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ሲኖር የ1985 ካሴቱ በ2013 እንደ ገና የታተመለት፣ አንድ አሜሪካዊ ካሴቱን እዚሁ አገራችን ውስጥ ስላገኘው ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይኸው ነው። እኛ በየሱቁ ጥግ አቧራ የጠጣውን ካሴት ፈልጎ ለማሰማት ከባሕር ማዶ ሰው እስኪመጣ ልንጠብቅ አይገባንም።

ሦስተኛው አሳብ «የሙዚቃው ሰዓት በየብሔረሰቡ ቁጥር ይከፋፈል» የሚል ነው። ይህ ከሁሉ የከበደ ነው፤ ከእውነተኛ ቅሬታ የተነሣ ነውና። ከሐረርጌ፣ ከሲዳማ፣ ከትግራይ ወይም ከጋሞ የመጣ ተማሪ አንድ መንፈቅ ዓመት ሙሉ ተቀምጦ በገዛ ግቢው ራዲዮ የእናቱን ቋንቋ ካልሰማ፣ «ይህ ጣቢያ የእኔ አይደለም» ቢል ማን ይፈርድበታል? ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን ከተደረገው ጦርነት ወዲህ እንኳንስ ዘፈኑ ሰላምታውም በጥርጣሬ የሚሰማበት ጊዜ አይተናል።

ሆኖም ሰዓቱን እንደ ጉልት ከፋፍሎ ማደል መድኃኒት አይሆንም። ሰኞ ለእነ እገሌ፣ ማክሰኞ ለእነ እገሊት ተብሎ ከተደለደለ እያንዳንዱ የራሱን ቀን ያዳምጣል፤ በሌላው ቀን ይዘጋል። ጎን ለጎን ተቀምጠው የማይተዋወቁ ትንንሽ ጣቢያዎች አቋቋምን ማለት ነው። ዓሊ ቢራ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በድሬዳዋ በአፍረን ቀሎ ጓድ ውስጥ በኦሮምኛ ጀመረ፤ ኋላም በአማርኛ፣ በሐረሪና በሶማሊኛ አዜመ፤ በ2022 ሲሞት ያዘነው የአንድ ቋንቋ ሰው ብቻ አልነበረም። ጥላሁን ገሠሠም በአማርኛም በኦሮምኛም ዘፍኗል። ዘፋኞቹ የተሻገሩትን ወንዝ አድማጩ ተማሪ መሻገር ለምን ያቅተዋል?

ሦስቱን ነቅፈን ዝም ብንል ሥራችን ትችት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የሚከተለውን እናቀርባለን።

1ኛ. አንድ ሰዓት 12 ያህል ዘፈን ይይዛል። በብዙ የአሜሪካ ኮሌጅ ጣቢያዎች እንደሚደረገው፣ ብዙ ያልተሰማ ሥራ ለብቻው በአንድ መደርደሪያ ይቀመጥ፤ መደርደሪያው ዛሬ ኮምፒዩተር ቢሆንም ግድ የለም። አስቀድሞ የሰማው ተማሪ ሁለት መስመር አስተያየት ይጻፍበት። አቅራቢው በየሰዓቱ 4 ዘፈን ከዚያ ይውሰድ።

2ኛ. ሌላ 2 ዘፈን አቅራቢው ራሱ በማይችለው የአገራችን ቋንቋ ይሁን። ቋንቋውን የሚችል ተማሪ አጠገቡ ተቀምጦ የዘፈኑን አሳብና የተዘፈነበትን አገር በአጭሩ ያስረዳ። ኮታና ትውውቅ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው፤ በኮታ ሁሉም የራሱን ያቀርባል፤ በእኛ ደንብ ግን የአንዱን የሚያቀርብ ሌላው ነው። የቀረው 6 ለአቅራቢው ምርጫ ይተው፤ የራሱ ጣዕም የሌለው አቅራቢ ከማሽን አይሻልምና።

3ኛ. በግቢያችን መሰንቆ የሚመታ፣ ዋሽንት የሚነፋ፣ ራፕ የሚያወርድ ተማሪ ሞልቷል። በሳምንት አንድ ጊዜ ከእነዚሁ አንዱ ተቀድቶ ይሰማ።

4ኛ. ዘፈን ለማሰማት ከማንም ገንዘብም ግብዣም አይወሰድ። በአሜሪካ ዲስክ አጫዋቾች በስውር ክፍያ ሲበላሹ በ1959 ታላቅ ቅሌት ተነሥቶ፣ በ1960 ሕግ እስከ ማሻሻል አድርሷል። የእኛም ጣቢያ በወዳጅነትና በሻይ ግብዣ ሊገዛ ይችላል። ስለዚህ የተሰማው ዘፈን ዝርዝር በየሳምንቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ፤ መራጩም ኮሚቴ በየመንፈቅ ዓመቱ ይለወጥ። የባለሥራዎቹ መብትም በሕግ የተጠበቀ ስለ ሆነ ፈቃዳቸው ይጠየቅ።

«እንዲህ ከተደረገ አድማጭ ይሸሻል» የሚለን አይጠፋም። በመጀመሪያው ወር ጥቂቱ ይሸሽ ይሆናል። ነገር ግን ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ ሁሉን ለማስደሰት የሚፍጨረጨር ጣቢያ ማንም የማይናፍቀው ይሆናል። የማይናፈቅ ነገር ደግሞ በጀት ሲጠብ አስቀድሞ የሚቆረጥ ነው። በሂውስተን የሚገኘው የራይስ ዩኒቨርሲቲ አስተዳደር ተማሪዎች ለረጅም ዘመን የሠሩበትን የኬ ቲ አር ዩን የማሰራጫ ፈቃድ በ2010 በ9.5 ሚሊዮን ዶላር ለመሸጥ ተስማማ። ተማሪዎቹና የቀድሞ ምሩቃኑ ቢጮኹም ሽያጩ ጸደቀ። ጣቢያው ግን አልሞተም፤ በኢንተርኔት ሲሰማ ቆይቶ በ2015 በአነስተኛ ኃይል ወደ ኤፍ ኤም ተመለሰ። የሚጮኽለትና የሚመልሰው ሰው ያገኘው፣ ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር ያሰማ ስለ ነበር ነው ብለን እናምናለን። የእኛም ራዲዮ አንድ ቀን ቢዘጋ «ምን ጎደለ?» ለሚል ሹም ተማሪው መልስ ሊኖረው ይገባል።

ይህ ደንብ በማኅበሩ ጉባኤ ቀርቦ ድምፅ ይሰጥበት። አሳባችንን የማይቀበል ካለ ብዕሩን ያንሣ፤ ይህች መጽሔት ለተቃዋሚም ገጽ አላት። በዝምታ ተቀምጦ ኋላ «ራዲዮው አሰለቸኝ» ማለት ግን የተማረ ሰው ጠባይ አይደለም።