የአንድ ቀን ምስክር ወረቀትና የዓመታት መዝገብ

ያገለገለ መኪና ሊገዛ የተነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው። ቀጥሎ በሩን ከፍቶ ወንበሩን ይዳስሳል፤ ሞተሩን አስነሥቶ ድምፁን ያዳምጣል፤ በመጨረሻም የቴክኒክ ምርመራ ወረቀቱን ይጠይቃል። ወረቀቱ «አልፏል» የሚል ከሆነ ልቡ ያርፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ዕረፍት ያለ ጊዜው የመጣ መሆኑን ማሳየት ነው። «አልፏል» የሚለው ቃል የአንድ ቀን ልኬት ውጤት ነው። የአንድን መኪና ጤንነት ይበልጥ የሚናገረው ግን በየዓመቱ የተወሰዱት ልኬቶች ተከታታይ መዝገብ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ገጠመኝ ላንሣ። በለንደን ከተማ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2023 ስልክ ደውሎ ለቤተሰቡ የሚሆን መኪና ማግኘቱን በደስታ ነገረኝ። «ገና ትናንት ምርመራውን አልፏል፤ ምን ቀረው?» አለኝ። የሰሌዳ ቁጥሩን እንዲልክልኝ ጠየቅሁትና የመኪናውን የምርመራ ታሪክ በየቤታችን ሆነን ባንድነት አነበብን። መኪናው በእርግጥ አልፏል። ይሁን እንጂ መርማሪው ከውጤቱ ሥር አንድ ማሳሰቢያ ጽፎ ነበር፤ የኋለኛው የፍሬን ቱቦ ዝጓል ይላል። ወደ 2022 መለስ አልን፤ ያው ማሳሰቢያ። ወደ 2021 ሄድን፤ ያው። በ2019ም ተጽፏል። ባለቤቱ አራት ጊዜ ተነግሮት አራት ጊዜ ቸል ብሏል ማለት ነው። ላዩን የሚያብረቀርቀው መኪና ውስጡ ለቄስ ሆኖ ተገኘ።

በዚህ ቦታ ስለ ብሪታንያው አሠራር ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በዚያ አገር ኤም.ኦ.ቲ. እየተባለ የሚጠራው ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲጀመር ዐሥር ዓመት የሞላቸውን መኪኖች ፍሬን፣ መብራትና መሪ ብቻ የሚመለከት ነበር። ከ1967 ጀምሮ ሦስት ዓመት የሞላው መኪና ሁሉ በየዓመቱ እንዲመረመር ተደረገ። ለእኛ ርእሰ ጉዳይ ትልቁ ለውጥ ግን ውጤቶቹ በኮምፒውተር መመዝገባቸው ነው። በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ ከ2005 ወዲህ የተደረጉ የመኪና ምርመራዎችን ውጤት ማንም ሰው የሰሌዳ ቁጥሩን ብቻ በማስገባት፣ ያለ አንዳች ክፍያ ማየት ይችላል። መኪናው ማለፉን ወይም መውደቁን፣ የወደቀበትን ምክንያት፣ የመርማሪውን ማሳሰቢያዎችና በዕለቱ የተነበበውን የጉዞ ርቀት ያሳያል። የባለቤቱ ስም ግን በመዝገቡ አይታይም።

የዘመዴን መኪና ምሳሌ በሳይንስ ዓይን እንመልከተው። በብሪታንያ በክረምት መንገዶች በረዶ እንዳይሠሩ ጨው ይነሰነስባቸዋል። በውኃ የሟሟ ጨው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በዚህም ብረትን የሚያዝገው ኬሚካዊ ሂደት ይፋጠናል። የፍሬን ቱቦ ግድግዳ በዓመታት ውስጥ እየሳሳ ይሄዳል፤ ሆኖም ፈሳሹን መያዝ እስከቻለ ድረስ መኪናው በደንብ ይቆማል። ቱቦው ከፍተኛ ግፊት የሚያርፍበት አሽከርካሪው ፍሬኑን በሙሉ ኃይሉ በረገጠበት ቅጽበት ነው። ይህም ማለት ሕፃን ልጅ በድንገት መንገድ ሲያቋርጥ ነው። የሳሳ ቱቦ ሊፈነዳ የሚችለው እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው ማለት ነው።

የአደጋውን መጠን በቀላል ስሌት መገመት ይቻላል። 1,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ወደ 300,000 ጁል የሚጠጋ የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ይይዛል። ፍሬኑ ይህን ሁሉ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኢነርጂው አራት እጥፍ ይሆናልና በከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ ሞክሮ «ፍሬኑ ይይዛል» ማለት ለረጅም ጉዞ በቂ ማስረጃ አይደለም።

መዝገቡ ሌላም ምስጢር ያወጣል፤ እርሱም የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ማታለል ነው። ለምሳሌ ያህል በሦስት ተከታታይ ዓመታት 62,000፣ 71,000 እና 80,000 ማይል የተመዘገበበት መኪና በአራተኛው ዓመት 48,000 ቢል ቆጣሪው ወደ ኋላ ተመልሷል ብለን እንጠረጥራለን። ይሁን እንጂ ፍርድ ከመስጠታችን በፊት የሚቀጥለውን ዓመት እንይ። በአምስተኛው ዓመት 97,000 ቢነበብ የአራተኛው ዓመት ቁጥር የጸሐፊ ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ 56,000 ቢነበብ ግን ጥርጣሬው ይጠነክራል። በቤተ ሙከራ አንድ ያፈነገጠ ነጥብ ስናገኝ የምናደርገውም ይህንኑ አይደለምን?

የምርመራ ቀኖች መራራቅም እንዲሁ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል። ምርመራ የጎደለበት ዓመት መኪናው ቆሞ እንደነበረ ወይም በሕገ ወጥ መንገድ ሲነዳ እንደነበረ ሊያመለክት ይችላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የምርመራ ጊዜ ለብዙ መኪኖች በስድስት ወር ተራዝሞ ነበር፤ ስለዚህ በዚያ ዓመት የሚታይ መዘግየት ብቻውን ሻጩን አያስወቅሰውም። ቁጥር ያለ ታሪኩ አይነበብም።

አንዳንዶች «ወድቆ የሚያውቅ መኪና አልገዛም» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ዘመዴ ያንን መኪና ትቶ ከሦስት ሳምንት በኋላ የገዛው በ2021 በጎማና በመሪ መገጣጠሚያ ምክንያት ወድቆ የነበረውን ነው። በቀናት ውስጥ ተጠግኖ አልፏል፤ ጉድለቱም ከዚያ ወዲህ አልተደገመም። ታሞ የታከመ፣ ሕመሙን ደብቆ ከሚኖር ይሻላል። መዝገቡ የሚነግረን ስለ ብረቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ባለቤቱ ልማድም ጭምር ነው።

እርግጥ ነው፣ መዝገቡ ሁሉን አይናገርም። የብሪታንያው ምርመራ የሞተርን፣ የፍሪሲዮንንና የካምቢዮን ሁኔታ አይመለከትም። ስለዚህ ታሪኩን ያነበበ ሰው መካኒክ ይዞ መሄዱን መተው የለበትም። መዝገብ የመካኒክን ዓይን አይተካም፤ የት ቦታ ማየት እንደሚገባው ግን ይጠቁመዋል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በእኛም ዘንድ መኪኖች በየዓመቱ ይመረመራሉ፤ ያለፈውም በመስታወቱ ላይ ቦሎ ይለጠፍለታል። ቦሎው ግን ማለፉን እንጂ እንዴት እንዳለፈ አይነግረንም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ አገር ውስጥ ያሉት መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ እየተዘዋወሩ ይበልጥ ማርጀታቸው የማይቀር ነው። አንድ ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባውን አፍስሶ፣ ልጆቹንም የሚያሳፍርበትን መኪና በደላላ ምላስና በአንድ ወረቀት ብቻ መግዛት አይገባውም።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፤ የየዓመቱ ምርመራ ዝርዝር ውጤት፣ ማለትም የእያንዳንዱ ጎማ የፍሬን ልኬት፣ የመርማሪው ማሳሰቢያና የቆጣሪው ንባብ፣ በሰሌዳ ቁጥር ተሰድሮ ለማንኛውም ገዢ ክፍት ይሁን። «የግለሰብ ምስጢር ይወጣል» ለሚሉ ወገኖች መልሱ ቀላል ነው፤ የሚከፈተው የመኪናው እንጂ የባለቤቱ ማንነት አይደለም። «መርማሪው ራሱ ቢያጭበረብርስ?» ለሚሉም፣ በአደባባይ የተቀመጠ መዝገብ ዛሬ ያለፈውና ነገ በሌላ ጣቢያ የወደቀው መኪና ጎን ለጎን እንዲታይ ያደርጋልና አጭበርባሪውን ራሱ ያጋልጠዋል። ማስረጃውን የሚደብቅ አሠራር ግን ለማጭበርበር ይመቻል።

ይህ እስኪሆን ድረስ እያንዳንዳችን ማድረግ የምንችለው አለ። ወላጆቻችን ወይም ወንድሞቻችን መኪና ሊገዙ ሲነሡ ሻጩ ያለፉትን ዓመታት የምርመራና የጋራዥ ወረቀቶች እንዲያሳይ እንጠይቅ። ወረቀቶቹን በቀን ቅደም ተከተል ደርድረን የተደገመውን ጉድለት እንፈልግ፤ ቁጥሮቹንም በአንድ ገጽ ላይ እንጻፍ። በሳይንስ ትምህርት ቤት አንድ ልኬት ልኬት አይባልም ተብለን ተምረናል። ይህን ትምህርት ከቤተ ሙከራው በር ውጭ ጥለነው የምንሄድ ከሆነ ምን ረባን? ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ቁልፉን ከመረከባችን በፊት ታሪኩን እናንብብ።