ሜዳ የሌለው ደጋፊ

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን የግብጽን ቡድን 2 ለ 0 ሲረታ የት ነበራችሁ? ጥያቄውን ለሥራ ባልደረቦቼ አቅርቤላቸው ነበር። ውጤቱን ሁሉም ያስታውሳሉ፤ ግቦቹን ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ማስቆጠራቸውንም የሚያስታውሱ አሉ። ከማን ጋር ሆነው እንዳዩት፣ ከጨዋታው በኋላ ወዴት እንደሄዱ፣ ማንን እንዳቀፉ ግን የነገረኝ የለም። እኔም ከነሱ የተሻለ ትዝታ የለኝም። ግብጽን የመሰለ ቡድን፣ ያውም «በሜዳችን» አሸንፈን፣ ደስታው እንደ ሩቅ ዘመድ የሠርግ ወሬ በጆሯችን ገብቶ አለፈ። ሜዳችን የተባለው በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ የሚገኘው የቢንጉ ስታዲየም ነበርና።

የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የባሕር ዳርን ስታዲየም ከመመዘኛው በታች ነው ብሎ ካገደ በኋላ ቡድናችን ለዓመታት እንግዶቹን በሰው ቤት ተቀበለ። ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ጋናን ያስተናገድነው በጆሃንስበርግ ነው። ከዚያ ሊሎንግዌ፣ ከዚያ የሞሮኮዋ ኤል ጃዲዳ ተከተሉ። ስለ ጠፋው ወንበር፣ ስለ መብራቱና ስለ መልበሻ ክፍሉ ብዙ ተጽፏል። ተመልካቹ ምን እንደ ተነጠቀ ግን በቅጡ የተነገረ አይመስለኝም። በእኔ እምነት የተነጠቅነው ከማናውቀው ሰው ጋር አብረን የምናለቅስበትን ቦታ ነው።

ይህን የምለው ያን ቦታ ስለማውቀው ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. እሑድ ነበር። በሱዳን የተደረገውን የመጀመሪያ ጨዋታ 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለነበር በአዲስ አበባ ስታዲየም 2 ለ 0 ማሸነፍ ይበቃናል፤ 1 ለ 0 ግን አይበቃም፤ 2 ለ 1ም ከንቱ ነው። ይህን ሂሳብ በካታንጋ የተቀመጠ ሁሉ በቃሉ ያውቀው ነበር። ከጎኔ የነበሩ አንድ አዛውንት ግን በየአሥር ደቂቃው «ልጄ፣ ስንት ነው የሚያሳልፈን?» እያሉ ይጠይቁኛል። እኔም «ሁለት ለዜሮ፣ ጋሼ» እላለሁ። መልሱ እንዲለወጥላቸው ፈልገው ሳይሆን አይቀርም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በዚሁ ሜዳ ግብጽን (በያኔው ስሟ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክን) 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሲቀበል፣ እሳቸው በአባታቸው ትከሻ ላይ ነበሩ። ከዋንጫው ዘመን የቀረቻቸው ይህች ናት። ከ1974 ዓ.ም. የሊቢያ ውድድር ወዲህ እንኳን ዋንጫ፣ ለመሳተፍም አልበቃን።

ከዕረፍት መልስ አዳነ ግርማ አስቆጠረ፤ ሳላዲን ሰኢድ ደገመ። ከዚያ በኋላ የነበረውን ጊዜ በደቂቃ መለካት አይቻልም። ፊሽካው ሲነፋ ማን እንዳቀፈኝ አላውቅም። የሲሚንቶ አቧራ የጠገበ ሱሪ የለበሰ ጎልማሳ እንደነበር ብቻ ትዝ ይለኛል፤ ራሴን በሁለት እጁ ይዞ ግንባሬን ሳመኝ። ስሜን አልጠየቀኝም፤ የአባቴንም ስም፣ የመጣሁበትንም አገር። አዛውንቱ ኮፍያቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፍነውበት ነበር።

በማግስቱ ሰኞ ነው። ባንክ ከተቀጠርኩ ገና ሦስት ወሬ ነበርና መስኮቴ ላይ በሰዓቱ ተገኘሁ፤ ድምፄ ግን አልተገኘም። ደንበኛው ቀርቦ አፉን ሲከፍት የእሱም ድምፅ የለም። ወጪውንም ገቢውንም በጣት ስንነጋገር ዋልን። ሥራ አስኪያጁ ሊቆጣ ወጣ፤ እሱም ተዘግቶበት ነበር።

የናይጄሪያው ቀን ከዚህ የከበደ ነው፤ እኔ ደግሞ አብልጬ የምሳሳለት ለሱ ነው። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ከሱዳኑ ድል ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የዓለም ዋንጫ በር ላይ ቆመን ነበር። በኃይሉ አሰፋ አስቆጠረ፤ ስታዲየሙ ከመሠረቱ ተናወጠ። ኢማኑኤል ኤመኒኬ አቻ አደረገ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ደግሞ ፍጹም ቅጣት ምት፤ ያው ሰው መታው፤ ገባ። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ባንድ ጊዜ ዝም ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የጸጥታ መልክ አልነበረውም፤ ክብደት ነበረው። ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ሲጠራሩ እስከ ላይ ድረስ ይሰማን ነበር። ስንወጣ የገፋ የለም። በር ላይ ባንዲራ ይሸጥ የነበረው ልጅ ያልተሸጡትን እንደ ነጠላ እያጣጠፈ በከረጢት ይከታል፤ ከፊቴ የነበረች ሴት ቆም ብላ አንዱን ገዛችው። ከተሸነፍን በኋላ! ልጁም የጠዋቱን ዋጋ አልጠየቃትም። ከዚያ እስከ ለገሃር ድረስ ብዙ ሰው አብሮ ተጓዘ፤ ያወራ ግን አልነበረም። ቤት ውስጥ በቴሌቪዥን ቢሆን ኖሮ ሪሞቱን ወርውሬ እተኛ ነበር፤ ሐዘኑም የእኔ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

ስታዲየምን ቤተ መቅደስ ላድርገው ብዬ አይደለም። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በክለቦች ጨዋታ ላይ የሆነውን ሁላችንም አይተናል፤ ያው ጉሮሮ በብሔር ስም ሲሳደብ፣ ያው እጅ ድንጋይ ሲያነሣ። ሜዳ ሰውን አያፋቅርም። ሆኖም ዋልያዎቹ በሚጫወቱበት ቀን ካታንጋም፣ ሚስማር ተራም፣ ጥላ ፎቅም፣ ከማን አንሼም ወደ አንድ ጎል ይመለከቱ ነበር፤ ይህንንም ያየሁት በዓይኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ባለፍንባቸው የመከራ ዓመታት፣ ሰው ሰውን ከየት እንደ መጣ ሳይጠይቅ የማያቅፍበት ጊዜ ሲመጣ፣ አንድ እንኳ እንደዚያ ያለ እሑድ አልነበረንም። ቢኖር ያድነን ነበር አልልም፤ አለመኖሩ ግን ይቆጨኛል።

በሰው አገር ሜዳም ቢሆን ደጋፊ ካለ ይሞቃል የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። በጥር 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩት ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ስንለያይ፣ ከየከተማው ሱቃቸውን ዘግተው የመጡ ወገኖቻችን ስታዲየሙን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አልብሰውት ነበር። (ዕለቱም ጥር 13 ነበር፤ የ1954ቱ ዋንጫ ቀን። አዛውንቱን ባገኛቸው ይህን እነግራቸው ነበር።) ነገር ግን ያ የስደተኞቹ ቀን ነው፤ ለእነሱ ይገባቸዋል። ከመርካቶ የሚነሣው ወዛደር ኤል ጃዲዳ ሊሄድ አይችልም።

የወንድሜ ልጅ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። በየሳምንቱ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ለአርሰናል ይጮኻል፤ የለንደኑን ስታዲየም መግቢያና መውጫ ከለገሃር ይልቅ ያውቀዋል። ብሔራዊ ቡድኑን ግን አንድም ቀን በአካል አይቶት አያውቅም። አልወቅሰውም፤ አንድ ልጅ የሚያፈቅረው የቀረበለትን ነው።

ስለዚህ ስታዲየም ለሚያድሱና ለሚሠሩ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። መመዘኛው ለእያንዳንዱ ተመልካች ወንበር ይጠይቃል፤ ይገጠም። መብራቱም ይተከል። ለመጀመሪያው የቤት ጨዋታ ትኬት ዋጋ በሚተመንበት ስብሰባ ላይ ግን፣ ያን ሱሪው ሲሚንቶ የለበሰ ጎልማሳ የቀን ደመወዙ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው ይቀመጥ።