ለሚጠይቅ ልጅ መልስ እንጂ ቁጣ አይገባውም



ሐዋሳ ውስጥ መድረሳ አስተምራለሁ። ዐረብኛ ካስተማርናቸው ልጆች አንዳንዶቹ ዛሬ የዐረብ ወጣቶች ስለ ኢልሃድ (ፈጣሪን ስለ መካድ) በፌስቡክና በዩቲዩብ የሚከራከሩትን ይከታተላሉ። በቀደም አንዱ ከደርስ በኋላ «ኡስታዝ፣ አላህ አዛኝ ከሆነ ሕፃን ለምን ይታመማል?» አለኝ። ጓደኞቹ «አስተግፊሩላህ!» እያሉ ሊያባርሩት ቃጡ። ለብቻ ሳናግረው ታናሽ እህቱ ታማበት ኖሯል።

ጀመዓ! ማባረሩን ሳዑዲ ሞክራዋለች። በ2006 የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሯ ወደ ኢልሃድ መጣራትን ሽብርተኝነት ብሎ ፈረጀ። ክርክሩ ግን አልቆመም፤ ስም እየደበቀ ቀጠለ። ጥያቄን ሽብር ማለት ምን እንደሆነ እኛ እናውቃለን፤ «ድምፃችን ይሰማ» ባልን ኮሚቴዎቻችን ሐምሌ 2004 ታስረው በጸረ ሽብር አዋጁ ተፈርዶባቸዋል።

ክህደትን ቀላል አላደርግም። ግን ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ልባቸው እንዲረጋ፣ ሙታን እንዴት እንደሚነሱ እንዲያሳያቸው ጌታቸውን ሲጠይቁ አልተባረሩም፤ አራት ወፎች እንዲይዙ ታዘዙ። ሶሓቦችም ለመናገር የሚከብድ ሐሳብ እንደሚመጣባቸው ሲነግሯቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልተቆጧቸውም።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ሲጠይቅ በጥፊ አትመልሱ። ኡስታዞችም የማናውቀውን «ጠይቄ እነግርሃለሁ» እንበል። መስጂድ ያባረረውን ልጅ ስልኩ ይቀበለዋል።

ያ ልጅ ከደርስ አልቀረም። ለእህቱ ዱዓ አድርጉላት።

ወላሁ አዕለም።