ከስኮርት ጎማው በስተኋላ

አንባቢ ሆይ፤ ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት እንደ ወጣሁ ከአጎቴ ጋር ወደ ጎተራ ወረድሁ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከትልልቆቹ የእህል ማከማቻዎች መሆኑን ታውቃለህ፤ ዛሬ ግን ጎተራ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ማሳለጫው፣ ቀላል ባቡሩና ኮንዶሚኒየሙ ነው። የሄድነው ለአሮጌው ላንድክሩዘር ካሜራ ልናስገጥም ነበር።

አጎቴ እንግዶችን ወደ ደባርቅና ወደ ሊማሊሞ የሚያመላልሱ ሾፌር ናቸው። ካሜራ ሲባል ይሥቁ ነበር። «ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው ቴሌቪዥን እያየ ይነዳልን?» ይሉ ነበር። ባለፈው ወር ግን አንድ እሑድ ጠዋት በግቢያችን ውስጥ ሁለቱንም ስፖኪዮ ተመልክተው ወደ ኋላ ሊሉ ሲጀምሩ አንዲት ጎረቤት ጮኸች። ወርደው ቢያዩ የአራት ዓመት ልጅ ከስኮርት ጎማው ሥር ተንበርክኮ ኳሱን ይስባል። ልጁ ምንም አልሆነም። አጎቴ ግን ያን ቀን መኪናውን አላንቀሳቀሱም፤ ምሳም አልበሉ።

ይህ ዓይነቱ መኪና ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ፣ በኋላ በሩም ላይ ጎማ የተሸከመ ስለ ሆነ፣ ሕፃን ከሥሩ ቢቆም በየትኛውም መስተዋት አይታይም። መድኃኒቱ አዲስ አይደለም። የአሜሪካው ቢዊክ እ.ኤ.አ. በ1956 ለትርኢት ባቀረበው ሴንቱሪዮን በሚባል መኪና ላይ በመስተዋት ፈንታ የቴሌቪዥን ካሜራ ከኋላ ሰክቶ ነበር። በዚያው አገር የኋላ ካሜራ ለአዳዲስ ቀላል መኪናዎች ሁሉ ግዴታ የሆነው ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ 62 ዓመት ቆይቶ መሆኑ ነው! የእኛን መንገድ የያዙት ደግሞ አሮጌዎቹ ናቸው። በነዳጅ የሚሠራ የግል አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ስለ ተከለከለ፣ ያለውን እየጠገኑ ማኖር ግድ ሆኗል።

አሁን ወደ ሥራው። ካሜራው አውራ ጣት ቢያህል ነው። ኀይሉን የሚወስደው ከኋላ ማርሽ መብራት ስለ ሆነ፣ ማርሹ ወደ ኋላ ሲገባ መብራቱም ካሜራውም ባንድነት ይነቃሉ፤ ሥዕሉ በሌላ ሽቦ ወደ ዳሽቦርዱ እስክሪን ይሄዳል። ቀላል ይመስላል፤ ነገሩ የሚበላሸው ከበሩ ማጠፊያ ዘንድ ነው። የአንድ ወዳጃችንን መኪና የገጠመ ሰው ሽቦውን በበሩ ክፍተት ስላሳለፈው፣ በሩ በተዘጋ ቍጥር ሲታኘክ ሰንብቶ በሦስተኛው ሳምንት ተቈረጠ። የጎተራው ልጅ ግን የበሩ ሽቦዎች በሚያልፉበት የጎማ ቱቦ ውስጥ ለማስገባት አንድ ሰዓት ሙሉ ታገለ። ፊውዝም ጨመረ። ያለ ፊውዝ የሚገጥምልህን ሰው ሻዩን ጠጥተህ ተሰናበተው። የመኪናህ ኤሌክትሪክ ባለ 12 ይሁን ባለ 24 ቮልት ሳይጠይቅ የሚጀምረውንም እንዲሁ።

ለገጠር መንገድ ደግሞ «አይፒ 67» የሚል ጽሑፍ ፈልግ። 6ቱ አቧራ አያስገባም ማለት ነው፤ 7ቱ በ1 ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይቋቋማል ማለት ነው። ጽሑፉን ማተም ካሜራውን ከመሥራት እንደሚረክስ ግን አትርሳ።

ልጁ «ጋሼ፣ የፊትም ላድርግልዎ?» ሲል የገበያ ብልሃት መሰለኝ። አጎቴ ግን ወዲያው እሺ አሉ። ዳገት ጫፍ ላይ ኮፈኑ ወደ ሰማይ ሲቀና መንገዱ ከዐይን ይጠፋልና። የኋላው ሥዕል እንደ መስተዋት ግራና ቀኙ መገልበጥ አለበት፤ የፊቱ ግን መገልበጥ የለበትም። ልጁ ከመኪናው ፊት በስተግራ በኩል ቆሞ እጁን አወዛወዘ፤ በእስክሪኑ ላይ በስተቀኝ ታየ። ካሜራው ላይ ያለችውን ቀጭን ሽቦ ቈረጠና ተስተካከለ።

አንተም በመሥሪያ ቤትህ መኪና ለመስክ ስትወጣ እስክሪኑን ተመልከት። ብዙ ጊዜ ዘፈን ማሳያ ሆኖ ታገኘዋለህ፤ የኋላው ካሜራ በጭቃ ከታወረ ሰንብቷል።

የእኛም በማግሥቱ ዝናብ ስለ ዘነበ ጭቃ ለበሰ። አጎቴ በመሐረባቸው ጠረጉት፤ ከዚያም ጎንበስ ብለው የመኪናውን ሥር አዩና ዞረው ገቡ። ልጁ ኳሱን ታቅፎ ከደረጃው ላይ ይመለከታቸው ነበር።