ብቻውን የሚቀዝፍ ሰው የት ይቀመጥ?

አንባቢ ሆይ፤ ሰው ብቻውን ጀልባ ላይ ወጥቶ ጀልባዋ አልታዘዝ ስትለው ጥፋቱን የሚጥለው በመጀመሪያ በነፋሱ፥ ቀጥሎም በክንዱ ላይ ነው። በመቀመጫው የሚያመካኝ ግን ጥቂት ነው። እኔም የተቀመጥሁበትን ቦታ ከቁም ነገር የማልቆጥር ነበርሁ።

አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ ቢሾፍቱ ወርጄ ከባቦጋያ ሐይቅ ዳር ካኑ ተከራየሁ። ካኑ ማለት ሁለቱ ጫፎቿ የሾሉ፥ ጠባብና ቀላል ጀልባ ናት። የእኔይቱ ለሁለት ሰው የተሠራች ስለ ነበረች ሁለት መቀመጫ ነበራት። ጀልባ የሚመራ ሰው ከኋላ ይቀመጣል ሲባል ሰምቼ ነበርና ሳላመነታ በኋለኛው መቀመጫ ላይ ተሰየምሁ። የፊቱ ጫፍ ከውኃው ብድግ አለ። ከዳር ለሚያይ ሰው ሳላምር አልቀረሁም።

ነፋሱ ሲነሣ ግን ያ ብድግ ያለው ጫፍ እንደ ሸራ ተቀበለውና ካኑይቱ ዞራ ጀርባዬን ለመጣሁበት ዳር ሰጠችው። በግራ ብቀዝፍ፥ በቀኝ ብቀዝፍ ፊቷን ወደ ነፋሱ መመለስ አቃተኝ። የመንሳፈፊያ ሰደርያም አልለበስሁም ነበር፤ ሐይቁ ደግሞ የጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ስለ ሆነ ከዳሩ ጥቂት ፈቀቅ ካሉ እግር የሚረግጠው መሬት የለም። ነፋሱ ራሱ ወስዶ በማዶው ዳር ባይጥለኝ ኖሮ ይህን ዓምድ ሌላ ሰው በጻፈው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በውኃው ውስጥ ጠልቆ የተቀመጠው ጫፍ በቀላሉ ወደ ጎን አይንሸራተትም፤ ቀልሎ የቆመውን ጫፍ ግን ነፋስ እንደ ፈለገ ይገፋዋል። ስለዚህ ክብደቷ ወደ ኋላ የበዛ ካኑ ፊቷን ነፋሱ ወደሚሄድበት ታዞራለች፤ ወደ ፊት የበዛ እንደ ሆነም ነፋሱ ወደሚመጣበት ታቀናለች። እንግዲህ ከነፋስ ጋር የሚታገል ቀዛፊ ጥቂት ወደ ፊት፥ ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ የሚሄድ ደግሞ ጥቂት ወደ ኋላ መጠጋት አለበት። ከመጠን ካለፈ ግን ሁለቱም ይከፋል፤ ፊቱ አጎንብሶ ማዕበል የሚዝቅ ጀልባ ማንንም ቤቱ አያደርስም።

ጥቂት ሲባል ስንት ነው? 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ቢጠጋ፥ 5 ኪሎ ዕቃ አንሥቶ 1 ሜትር ከ30 ወደ ፊት እንደ ማራቅ ይቆጠራል። በትምህርት ቤት ስለ ሚዛን የተማራችሁት ሒሳብ ይኸው ነው። ለመፈተንም መሣሪያ አያስፈልግም፤ ነፋስ በሌለበት፥ ዳር አጠገብ ተቀምጣችሁ አንድ ብርጭቆ ውኃ በወለሉ ላይ ብታፈስሱ ውኃው የከበደውን ጫፍ ያሳያችኋል።

ለሁለት ሰው የተሠራች ካኑ ያጋጠመችው ብቸኛ ሰው ምን ያድርግ? አዙሮ ይቀመጥባት! የፊተኛው ቀዛፊ እግሩን የሚዘረጋበት ቦታ ስለሚፈልግ የእርሱ መቀመጫ ከጫፉ ራቅ፥ ወደ መካከሉም ቀረብ ብሎ ይሠራል። በዚህ መቀመጫ ላይ ፊትን ወደ ኋለኛው ጫፍ መልሶ መቀመጥ ነው፤ ሁለቱ ጫፎች ተመሳሳይ ከሆኑ ካኑይቱ መገልበጧን አታውቅም። ይህም ካልበቃ ውኃ የሞላ ጀሪካን ከፊት አጥብቆ ማሰር ነው። ለአንድ ሰው በተሠራችው ካኑ ግን መቀመጫው ከመካከሉ ጥቂት ወደ ኋላ ይሆናል፤ በሐዲድ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተት መቀመጫ ያላቸውም አሉ።

ስለ ከፍታውም አንድ ነገር ልናገር። መቀመጫው ዝቅ ሲል ሰውዬው ይረጋል፤ ለዚህም ነው ብዙዎች ተንበርክከው የሚቀዝፉት። ነገር ግን ከመቀመጫው ሥር እግር ያለ ችግር የሚወጣበት ክፍተት መኖር አለበት። ጀልባ ተገልብጦ ጫማው የተቀረቀረበት ሰው ዋና ማወቁ አይጠቅመውም።

በዝቅታ የመቀመጥን ጥቅም ካወቁት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ጸሐፊ ጆርጅ ዋሽንግተን ሲርስ ነበር። ይህ ሰው በ1883 (እ.ኤ.አ.) ከ60 ዓመት በላይ ሆኖት፥ 5 ኪሎ እንኳ በማትሞላ «ሴሪ ጋምፕ» በተባለች ካኑ በኒውዮርክ ክፍለ አገር የአዲሮንዳክን ሐይቆች ዞረ። ስሟ ከዲከንስ ልብ ወለድ የተወሰደ የአንዲት ሰካራም አስታማሚ ስም ነው፤ ሴትዮዋ ውኃ አታስገባምና ጀልባዋም እንደ እርሷ እንድትሆን ነው! ሲርስ ራሱ ቀጭን ሰው ሆኖ ሳለ ከጀልባው ዐሥር እጥፍ ያህል ይመዝን ነበርና በወለሉ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ የጀልባዋ ሚዛን በሙሉ ነበር።

በአገራችንም የጣና ሐይቅ ታንኳ አለች። ከደንገል ስለምትሠራ ውኃ ትመጣለች፤ በየጊዜው ወደ ዳር ወጥታ ካልደረቀች እየከበደች ትሄዳለች። ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ምን እንደሚመጣ ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 (እ.ኤ.አ.) አይቶታል። ከጣና ደንገል አሠርቶ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የነዳት «ራ» የኋላ ጫፏ እየሰመጠ ከመድረሻዋ ሳትደርስ ጥሏት ለመውጣት ተገደደ።

በሌላ እሑድ ወደ ባቦጋያ ተመለስሁ። ሰደርያውን ለበስሁ፥ ጀሪካኔን አሰርሁ፥ ካኑይቱን አዙሬ በፊተኛው መቀመጫ ላይ ፊቴን ወደ ኋላ መልሼ ገባሁ። ነፋሱ እንደ ልማዱ ከቀትር በኋላ ተነሣ፤ እኔም ጉልበቴን አንድ ስንዝር ወደ ፊት አስጠግቼ ፊት ለፊት ሄድሁበት። አከራዩ ልጅ ግን ከዳር ሆኖ በሁለት እጁ አፉን ከልሎ፥ «ጋሼ፥ ተገልብጠው እኮ ነው የተቀመጡት!» እያለ ይጮህ ነበር።