ካርድ የያዘ ሰው በካርዱ ተይዞ አይኑር



በግቢያችን ስለ አሜሪካው ግሪን ካርድ የማይወራበት ቀን የለም። ስለ ማግኘቱ ብዙ ይባላል። ስለ መጠበቁ ግን የሚነገረው እኩሌታው ተረት ነው፤ በዚህም ተረት የተነሣ ትምህርታችን እየተጎዳ ስለ ሆነ ዝም ማለት አልቻልንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርዱን ያገኙ አንዳንድ መምህራን ኑሯቸውንም ሥራቸውንም እዚሁ አድርገው፣ «ካርዱ እንዳይቃጠል» በማለት በየስድስት ወሩ አውሮፕላን ይሳፈራሉ። የሚሄዱትም በዕረፍት ጊዜ ብቻ ቢሆን ባልተናገርን ነበር፤ ሴሚስተሩ እኩል ሲሆንም ይሄዳሉ። ሲመለሱ የወራቱ ትምህርት በሁለት ሳምንት ተጠቅልሎ ይሰጠናል። ምክንያቱን ስንጠይቅ «የግል ጉዳይ ነው» እንባላለን። የአንድ ክፍል ተማሪ በሙሉ ትምህርት የሚያጣበት ጉዳይ እንዴት የግል ሊባል ይችላል?

ከዚህም በላይ የሚያሳዝነው እምነቱ ራሱ ልክ አለመሆኑ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ብቅ ማለት ካርዱን ያድናል የሚል የአሜሪካ ሕግ የለም። ቋሚ ነዋሪ የተባለ ሰው እዚያ መኖር አለበት፤ ወደ ውጭ የሚያደርገውም ጉዞ ጊዜያዊ ሊሆን ይገባዋል። ከ180 ቀን በላይ በተከታታይ ውጭ የቆየ ሰው ሲመለስ እንደ አዲስ ገቢ ሊመረመር ይችላል። ዓመት ያለፈው፣ የመመለሻ ፈቃድ ከሌለው፣ ካርዱ ብቻውን አያስገባውም። ከ180 ቀን በታች የቆየውም ቢሆን ዋስትና የለውም፤ የኢሚግሬሽኑ ሹም «ቤትዎ የት ነው? ሥራዎ የት ነው? ቤተ ሰብዎ የት ነው? ግብር አስታውቀዋልን?» ብሎ ይጠይቃልና። የሙሉ ጊዜ ሥራው እዚህ የሆነ መምህር ለዚህ ጥያቄ ምን መልስ አዘጋጅቷል?

በዚህ ጊዜ «መኖሪያ ፈቃዴን በፈቃዴ ትቻለሁ» የሚል ወረቀት እንዲፈርም ሊቀርብለት ይችላል። ለመፈረም ግዴታ የለበትም፤ በኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት የመከራከር መብት አለው። ይህን መብቱን ሳያውቅ የሚመላለስ ሰው ትኬት እንጂ ካርድ እየጠበቀ አይደለም።

የመመለሻው ፈቃድ እዚያው አሜሪካ ሳሉ የሚጠየቅና ቢበዛ ለ2 ዓመት የሚሰጥ ሰነድ ነው። እርሱም ቢሆን ኑሮው እዚያ መሆኑን ለማይችል ለማስረዳት ሰው ሙሉ ዋስትና አይሰጥም። ነገር ግን ለተወሰነ ጊዜ ሊያስተምር ለመጣ መምህር ሕጋዊ መንገድ ይህ ሆኖ ሳለ፣ በየሴሚስተሩ ክፍል ጥሎ መብረር ምን ያስፈልጋል? ዜግነትም ቢሆን በጉብኝት አይገኝም። በጠቅላላው ደንብ 5 ዓመት በነዋሪነት መቆየትን፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ 30 ወር በአካል እዚያው መገኘትን ይጠይቃል። በዓመት አንድ ወር ብቻ የሚታይ ሰው ይህን መቼ ይሞላዋል?

«በመምህር ደመወዝ የቤት ኪራይ አይከፈልም» ይሉናል። እውነት ነው፤ እኛም ከወላጆቻችን ኑሮ እናውቀዋለን። ታዲያ የደመወዙ ጥያቄ በማኅበር፣ በግልጽ ይነሣ፤ ተማሪውም ከመምህሩ ጎን ይቆማል። በድብቅ መመላለስ ግን ደመወዙን አንድ ብር አይጨምረውም፤ ተማሪውን ብቻ ያስከፍለዋል።

ለተማሪው ወገናችንም የምንለው አለን። ዲቪ የሚባለው ዕጣ የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ሕግ የተፈጠረና በ1995 ሥራ የጀመረ ነው። ሕጉ በዓመት 55,000 ቪዛ መደበለት፤ ለአንድ አገርም ከ7 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። ዕጣ የወጣለት ሁሉ ቪዛ አያገኝም፤ ከቪዛው ቁጥር በላይ ሰው ይመረጥ ነበርና፤ የበጀቱ ዓመት ሴፕቴምበር 30 ሲያልቅም ያልደረሰው ቀርቶበታል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2025 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ፕሮግራሙ እንዲቆም ማዘዙን አስታወቀ። በሌላ አገር ባለ ሥልጣን ቃል በአንድ ቀን በሚዘጋ በር ላይ ተደግፎ ደብተርን መጣል ብልኅነት ነውን? ፎርም ሞልቶ የማረጋገጫውን ቁጥር የሚደብቀው ደላላ፣ በገንዘብ የሚፈጸመውም የይስሙላ ጋብቻ፣ ወጣቱን ዘርፈዋል። በሐሰት ቃል መያዝ ደግሞ ዳግመኛ እንዳይገቡ ያስከለክላል።

መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፤ አንከለክልም፤ አንሳደብም። ከሄደ ግን እዚያ ይኑር፤ ግብሩን ያስታውቅ፤ አድራሻውን ሲለውጥ በ10 ቀን ውስጥ ያሳውቅ። የውጭ ዜግነት የወሰደ ሰው በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል፤ ሆኖም አዋጅ ቁጥር 270/1994 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ያለ ሥራ ፈቃድ እዚህ ሠርቶ የመኖርን መብት ሰጥቷል። በግልጽ ሄዶ በግልጽ መመለስ ይቻላል ማለት ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ በሴሚስተር መካከል ወደ ውጭ የሚሄድ መምህር አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቅ፤ የሚተካውም ሰው ሳይታወቅ አይሂድ።

ሁለተኛ፣ ረዘም ላለ ጊዜ መቅረት ያለበት ሰው ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይውሰድ፤ ወንበሩን ይዞ አይጥፋ።

ሦስተኛ፣ የሕግ ትምህርት ክፍል ስለዚሁ ጉዳይ ለተማሪውና ለመምህሩ በነጻ የሚያስረዳበት ሰዓት ይወሰን፤ ደላላው ያንጊዜ ገበያ ያጣል።

ተቃውሞ ያላችሁ መምህራን ጻፉልን። አንዲት ቃል ሳንቀንስ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። የጎደለንን ትምህርት ግን እስክናገኝ ድረስ መጠየቃችንን አናቆምም።