«ውሻ ደግሞ ምን ሐኪም ያስፈልገዋል?»

ወላይታ ሶዶና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች በሬ መኖ አልበላ ሲል ባለቤቱ ሥራውን ጥሎ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይነዳዋል። ቀን ታስሮ ሌሊት ግቢ የሚጠብቀው ውሻ ግን ከእነ ሕመሙ ይተዋል። ለምን ሲባል፣ «ሰውስ መች በየዓመቱ ይመረመራል?» ይላሉ።

መልሱ ከእውነት የራቀ አይደለም። በሬ ያርሳል፤ ላም ትታለባለች፤ ጠባብ ማሳና የእንሰት ጓሮ ይዞ ለሚኖር ቤተሰብ ያለችው ጥቂት ብር መጀመሪያ ወደ እነሱ ብትሄድ አይፈረድበትም። በሰው አገር እንደሚደረገው በየዓመቱ ደም መመርመርና ጥርስ ማጽዳት ለጤነኛ የግቢ ውሻ የግድ ነው ብዬ አልከራከርም። ሁለት ነገሮች ግን የውሻው ብቻ ሳይሆኑ የቤተሰቡ ጉዳይ ናቸው።

አንደኛው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ ሐኪምም የባህል መድኃኒትም አያድንም ማለት ይቻላል። በብዛት የሚነከሱት ከውሻ ጋር የሚሯሯጡት ልጆች ናቸው። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ታጥቦ ለክትባት ወደ ጤና ተቋም መሮጥ አለበት። ይህ ሁሉ ሩጫ ሳይመጣ ውሻው በየጊዜው ቢከተብ ይቀላል።

ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም። በመስከረም የጊፋታ እርድ ላይ በሳንባና በጉበት ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሲገኝ የሚጣለው ለውሻ ነው። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ጥገኛ ውሻው አንጀት ውስጥ አድጎ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ በጸጉሩ፣ በልጆች እጅና ባልታጠበ አትክልት በኩል ሰው ዘንድ ይደርሳል። በሰውየው ጉበት ላይ ያንኑ ከረጢት ያበቅላል፤ አንዳንዴ ቀዶ ሕክምና ካልሆነ መላ የለውም። የተበላሸውን ሳንባ ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር ገንዘብ አይጠይቅም፤ ውሻው የትል መድኃኒት ሲወስድ ደግሞ ዑደቱ ይቋረጣል።

ባለቤቱን ብቻ መውቀስ ግን ልክ አይመስለኝም። ክሊኒኩ የተሠራው ለከብት ነው፤ በገመድ መሄድ ያልለመደ ውሻ በታክሲም ሆነ በእግር አይወሰድም። ስለዚህ ክትባቱ ወደ ሰፈር መውረድ አለበት። ሶዶ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አላት፤ ዩኒቨርሲቲዋም የእንስሳት ሐኪሞችን ያስተምራል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መዛመቱን ያቆማል። ከተሞቻችን የለመዱት መርዝ ግን አያዋጣም፤ በሞተው ምትክ ያልተከተበ ሌላ ውሻ ይመጣልና። ቀበሌው ስብሰባ በሞንታርቦ እንደሚጠራው ሁሉ የክትባቱንም ቀን ቢያውጅ፣ ውሻቸውን ይዘው ቀድመው የሚሰለፉት ልጆቹ ናቸው።